ሃያ ሦስተኛው መስመር

ማስታወቂያው አጭር ነው፤ በጠመኔ ጻፍኩት፣
ከንባብ ክፍላችን በር ላይ፣ ዝናብ እንዳያጥበው ከጣሪያ አስጠጋሁት።
«ከአሥራ ሦስት ዓመት እስከ አሥራ ሰባት ያላችሁ፣
ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ እርሳስ ይኑራችሁ።
የፊደል አደን አለ።»

አርባ ልጅ ይመጣል ብዬ አርባ ወንበር ተበደርኩ፤
አሥራ አንድ መጡ። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
(ሐምሌ ነው። ጅማ ላይ ሰማዩ ሲከፈት
ቀጠሮ የሚያከብር ዝናቡ ብቻ ነው።)

ደንቡን አስረዳኋቸው፦
ከተማችን መጽሐፍ ናት፣ ገጿ ቆርቆሮ፣ ገጿ ግድግዳ፤
ከሂርማታ ገበያ እስከ ፈረንጅ አራዳ
በሰሌዳ ላይ ያነከሰ ቃል ያያችሁ እንደሆን
ስሕተቱን ጻፉ፣ እርማቱን ጎን ለጎን።
ብዙ የያዘ ያሸንፋል።
አንድ ሕግ ግን አለ፤ እሱን የጣሰ ከውድድር ይወጣል፦
በባለሱቁ መሳቅ የለም። ሰላም ብላችሁ ግቡ፣
ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ቀስ ብላችሁ አስረዱ።

ሽልማቱ መዝገበ ቃላት ነው፣ ወፍራም፤
ጀርባው ትንሽ ላልቷል፣ አዲስ ነው ብዬ አልዋሽም።

ሄዱ።
ማንም ካልተቀመጠባቸው ወንበሮች ጋራ ቀረሁ።

በዘጠኝ ሰዓት መጡ፣ እስከ ጉልበት ጨቅይተው፣
ደብተሩን ከሹራብ ሥር ከዝናብ ሸሽገው።
መንደራ አንድ ቤት «የተበጠሰ ዓሣ» ይሸጣል፤
ቆጪ ጫማ ሰፊው «ጫማ እንጠግባለን» ይላል።
«ይጥገቡ እንጂ!» አለ አንዱ፣ «በዚህ ኑሮ ሌላ ምን ይበላል?»
በ«ጸሐይ» እና በ«ፀሐይ» ሁለቱ ተጣሉ፣
ግማሽ ሰዓት ሙሉ።
ዳኛ ነኝና መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፣
ሁለቱንም አገኘሁ፤
ዘጋሁ።

ኢዮስያስ ሃያ ሦስት።
ነጂባ ሃያ ሁለት።

የነጂባ ደብተር በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣
እያንዳንዱ ቃል በየመንገዱ፣ በየሰዓቱ።
ከሃያ ሁለተኛው በታች ግን አንድ ቁጥር አለ፣ ሃያ ሦስት፣
ከጎኑ በላጲስ ተፍቆ፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ሳስቶ።
ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት፤
የእርሳሱ ጠባሳ ቀርቷል፦ «በርጨ...»
«ይኼ ምንድን ነው?»
«ተሳስቼ ነው፣ ጋሼ።»

አውቀዋለሁ እኮ!
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«ሸምሱ በርጨማና አልጋ»።
ሁለት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ፣ ያውም መምህር ነኝ፣
ሁለት ዓመት ዝም አልኩ፤ ሰውየው ፊደል የቆጠረው
በአርባ ዓመቱ፣ በማታ ትምህርት ነው፤
ያንን ሰሌዳ በገዛ እጁ የጻፈ ዕለት
ለመንገደኛው ሁሉ ከረሜላ አድሏል።
ጨ ደግሞ ሦስት እግር አለው፤
ለበርጩማ ሠሪ ያለቀ ይመስላል።
ግዕዙ ቆሟል። ካዕቡ ነው የቀረ።

ሽልማቱን ኢዮስያስ ወሰደ፤ ያዘው እንደ ሕፃን፣ በሁለት እጁ፤
ከሁሉ ይልቅ ያጨበጨበች ነጂባ ናት።

ማክሰኞ ከውሰቱ ወንበር አንዱ እግሩ ወልቆ
ይዤ ወደ ሸምሱ።
ቀና ብዬ አየሁ። ከጨ ቀኝ እግር ወገብ ላይ
አንዲት አጭር ክንድ፣ ቀይ፤
ሰማያዊው አልቆባቸው ይሆናል።

«አየኸው?» አለኝ መላጊያውን ሳያስቀምጥ።
«ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሱቅ ከዘጋሁ ወዲያ፤
ሰው እስኪሄድ በር ላይ ቆማ ጠበቀች።
‹አባ፣ ይኼ በርጩማ ክንድ ይቀረዋል› አለችኝ።
ሳቅሁባት። ‹በርጩማ መቼ ክንድ አለው?›
‹ይኼኛው አለው።›
መሰላሉን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ወጣች።»

የወንበሬን እግር አገላብጦ አየ፣ «ነገ ና» አለ።
ውጤቱ ተነግሯል፤ ሽልማቱም ተሰጥቷል፤
ዳኛ ቃሉን አያጥፍም።
ከመሰላሉ አንድ እርከን ወጣሁ።

«በዚህ ዝናብ መች ይደርቃል! እንዳትነካው!»

ነካሁት።