ላ ስጪኝ

ከቫርና የሚመጣው የሌሊቱ አውቶቡስ
ፕሎቭዲቭ ገብቶ ቆመ ንጋቱ ሳይደርስ።
ሹፌሩ መዳፌ ላይ ትንሽ ሳጥን ጣለ፤
«ከላቸዛር» አለኝ። ሌላ ቃልም የለ።

ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈን በአባታችን ቤት፣
በአንዲት የወይን ጓሮ፣ በአንድ ፊርማ ምክንያት፣
ዲስክ ነው የላከው፣ ደብዳቤ የሌለበት፣
የክላርኔት ዕድሜውን በሙሉ የቀዳበት።

ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። ስክሪኑን አላይም፤
ጠፍቶ ነው የሚኖረው፣ መብራትም አላበራም።
አንባቢዋ ድምፅ ግን ጆሮዬ ላይ ሰፍራ
እንደ ሐራጅ ጠሪ ትሮጣለች ስትጠራ።
ለእንግዳ ሰው ጆሮ የቀፎ ጩኸት ናት፤
እኔ ግን እሰማለሁ ቃሏን ከነእረፍት።

ቀስቱን ወደ ታች ጫንሁ፦
«የጥያቄ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣
የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብ፣ ኤም ፒ ሦስት።»
ዳግም ወደ ታች፦
«የጥያቄ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት…»

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ ሰባት ፋይል፤
አሮጌው ኮምፒውተር ፊደላችንን ሲጥል
ዜማው ሳይነካ ስሙ ብቻ ሲቃጠል።
ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ያላለኝን ሁሉ
መጠየቅ የጀመረ መሰለኝ በሙሉ።

ቀን ፒያኖ እቃኛለሁ በሙዚቃው ትምህርት ቤት፤
ማታ ደግሞ ፋይል። ሥራው ያው ነው በእውነት፦
አዳምጦ መጠርጠር፣ ዳስሶ ማስገባት።
ኢንተር። አስር ሰከንድ። ይኼኛው ሰርግ ነበር፤
አማትዬዋ ሳቀች ሳህኑ ሲሰበር።
ኤፍ ሁለት። ጻፍሁበት፦ «ሰርግ ከነሳህኑ»፤
ቀጥሎ «ቀብር በዝናብ፤ ይስል ነበር ካህኑ»።
የቱርኩን ዜማ ስም አጣማ ስታነብ
ብቻዬን ሳቅሁባት፣ ደግማ እስክታነበንብ።
«አርቲስት፦ ያልታወቀ» ትለኛለች ደጋግማ፤
የልጅነት ጥርሱን የሰበርሁት እኔ ነኝኮ፣ ስሚማ!
አቃፊ ከፈትሁ፤ አንዱን «ሰርግ»፣ ሌላውን «ሐዘን»፤
የትም የማይገባውን ሰየምሁት «ይቆየን»።
መጠኑ አንድ ሆኖ «ድግም ነው፤ ይጥፋ?» ስትል
«አይ» አልኋት፤ በአንደኛው ላይ ወንድሜ ያስላል።

በአራተኛው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
ሁለት ምልክት ብቻ፤ አጭር ስም፣ ብቸኛ።
ኢንተር። ዜማ የለም። ወንበር ይንቀሳቀሳል፤
የጎረምሳ ምላስ ሸምበቆ ያርሳል።
«ዝድራቭካ» አለ ድምፁ፣ «ላ ስጪኝ፣ ደከምሁ።»
እኔ፣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ፒያኖውን ነካሁ።
አንዲት ቁልፍ። ላ። እሱም ፈለጋት፤
ወጣ፣ ወረደ፣ ከዚያ አገኛት።
ሁለቱ ሲገጥሙ ያ ንዝረት ጠፋ፤
የካሴቱ እሽታ ብቻ ቀርቶ ሰፋ።

ምን ብዬ ልሰይመው? «ላ» ብዬ ጻፍሁና
ኢንተርን ተጫንሁ፣ ሌላ ስም አጣሁና።
«በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ» አለችኝ፤
ስሜት በሌለው ድምፅ እጄን ያዘችኝ።

የጥያቄውን ጫካ ስጨርስ ወርጄ
አንዲት ቃል ቆማለች፣ ሳይደርስባት እጄ።
ያልተሰበረች፣ አዲስ።
ቀኗን ጠየቅሁ፤ «ያለፈው ኅዳር» አለች።
ኢንተር። ክላርኔት። አንዲት ላ ወጣች፣ ቆመች።
ከዚያ አራት ደቂቃ ምንም የለም። ዝም።
ቧንቧ ይንጠባጠባል። ሰውዬው አልሄደም።

ላዋ ዝቅ ብላለች የፀጉር ክር ያህል፤
ሰጪ ያጣ ሰው ድምፅ እንዲህ ነው ሲዋልል።

ስለ ወይኑ ጓሮ ይቅርታ አላለም፤
እኔም አልረሳሁ፣ ዛሬም አልተውሁም።
ግን የብረት ሹካዬን ጉልበቴ ላይ መታሁ፤
ማይኩን አስጠግቼ አንዲት ላ ቀዳሁ።
«ላ ሁለት» አልኋት። አያያዝኋት በመልእክት፤
ታብ ስጫን ታነባለች ያለ አንዳች ስሜት፦
«ላክ።» ታብ። «ሰርዝ።» ታብ።
«ላክ።» ታብ። «ሰርዝ።» ታብ።
በመስኮቱ በኩል ሙቀት ፊቴን ሳመ፤
«ላክ» አለች ዳግመኛ። እዚያ ላይ ጣቴ ቆመ።