ቋጠሮ

ብረት አይነካውም፣ ይህ ድንጋይ ነውር ያውቃል፤
ከአሸዋ የተፈጠረ፣ ቢጭሩት ይደማል።
የሳክሶኒ አባቶች ለልጅ ሲያወርሱት
ሕጉ አንድ ነው፦ «ገመድ ቋጥረህ ስንጥቁ ውስጥ ክተት፤
ቋጠሮህ ካልያዘ
ድንጋዩን አትማው፣ እጅህ ነው የፈዘዘ።»

ዝናብ የጣለ ለት ማንም አይጠጋውም፤
ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሰው አይሸከምም።
ሦስት ቀን ይጠበቃል፤ ፀሐይ የማይደርሰው
የሰሜኑ ገጽማ ሳምንት ነው የሚያደርቀው።

ከየካቲት ወዲያ ግን ደርቆም ዝግ ነው።
ቢጫ ሰሌዳ አለች፣ ከጥዱ ግንድ ላይ በሽቦ የታሰረች፦
«ጭልፊት ታቅፋለች።
እባክዎ ይመለሱ።»
የሚያስራት ቪላንድ ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ፣
ጓንት አያጠልቅም፤ በብርድ ሲላጥ ጣቱ
«ለሌላ ሰው ተዋት» አልኩት አንድ ጊዜ።
«የፈታት ሌላ ሰው መሰለሽ፣ ሮስቪታ?» አለኝ በትካዜ።

ያኔ ሠላሳ ዓመቱ፣ ክንዱ እንደ ሐረግ ሥር፣
ግንቦት ላይ፣ ሳይነጋ፣ ሰው ሳይነቃ በሰፈር፣
ሽቦዋን ፈትቶ
ብቻውን ወጣ፣ ሰባት ቋጠሮ ቋጥሮ፣ ትንፋሹን ውጦ።
ያየው የለም። ጭልፊቷ ግን አየችው።
ዞረች። ጮኸች።
እንደ ተወረወረ ጠጠር ከሰማይ ወርዳ
ፀጉሩን በነፋሷ በታተነችው፤
ከዚያ ሄደች፣ በኤልብ ወንዝ ጉም ውስጥ፣ በዚያው።
እርከኑ ላይ አራት እንቁላል፣ ዳማ፣
የዛገ ሚስማር የሚመስል ቀለማቸው።
«ገና ይሞቁ ነበር» ብሎኛል አንድ ምሽት፣
የቢራው አረፋ ከፊቱ እየከሰመ።
ከጥዱ ሥር ሆኖ እስኪመሽ ጠበቃት፤
ነፋስ መጣ፣ ጨለማ መጣ፣
እሷን ግን ማን ይጥራት።

ዛሬ ነሐሴ ነው። ኤርድሙቴ፣ የጫካው ጠባቂ፣
መነጽሯን አውርዳ «ሦስቱም በረሩ፤ ክፈቱት» አለችን።
ቪላንድ ሽቦዋን በፒንሳ ፈታ፣
ገመዱን ወገቤ ላይ ቋጠረና ሳብ አደረገኝ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
«ቀድመሽ ውጪ» አለኝ፣ «ዛሬ ጉልበቴ አኩርፎኛል።»

የመጀመሪያው ስንጥቅ ክንድ ሙሉ ይውጣል፤
ሁለተኛው ስስታም፣ ጣት ቆጥሮ ይቀበላል።
ወፍራሙን ቋጠሮ በእንጨት ገፋሁት፤ ያዘ።
ቀጭኑን ገፋሁት፤ ሳብ ሳደርገው ተመዘዘ፣
አሸዋ ከዓይኔ ገባ።
ከዚያም ሙልሙል የሚያህል ድንጋይ ከእግሬ ሥር ከዳኝ፤
«ድንጋይ!» ብዬ ስጮህ ጥዶቹን እየሰበረ ወረደ።
ከታች ዝምታ።
እንደዚያ የረዘመ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።
«አለሁ» አለ ድምፁ። «ገመድሽም አለ።»

እርከኑ ላይ ደረስኩ። ኩስ እንደ ኖራ ለስኖታል።
የርግብ እግር ወድቋል፣ የባለቤቱን ቀለበት እንዳጠለቀ፣
ከማን ቤት ሰገነት ተነሥቶ እዚህ እንዳለቀ።
ከመኝታዋ በላይ ቋጠሮ የሚጠጣ ጥሩ ስንጥቅ ነበር፤
አልነካሁትም። ስምንት ሜትር ባዶውን ወጣሁ፣
ብወድቅ የሚይዘኝ ከታች የቀረው አንዱ ብቻ።

ጫፉ ላይ የብረት ሣጥን አለ፣ ውስጡ መዝገብ፣
የወጣ ሁሉ ስሙን የሚያሰፍርበት።
ሰው እምብዛም የማይደርስበት ግንብ ነው፤
አርባ ሁለት ዓመት አንድ መዝገብ በቃው።
ገለጥኩት። በዚያ ግንቦት ገጽ ስሙ አለ፣
በሁለት መስመር ተሰርዞ።
ከሥሩ «አራት»።
ከዚያ ወዲህ በየነሐሴው፣ በዚያው እጅ ጽሕፈት፣ ስም የሌለው ቁጥር፦
ባዶ። ባዶ። አንድ። ሦስት። ሁለት። ባዶ። ሦስት።

ቪላንድ እያለከለከ ደረሰ፣ እርሳሱን ሰጠኝ።
«ጻፊ» አለኝ።
ሦስት ብዬ ጻፍኩ። የኔን ስም ስጨምር ዝም አለ፤
የሱን ልጨምር ስል እጄን ያዘ።

ወረድን። ወገቤ ላይ ያሰረውን ቋጠሮ ለመፍታት
እሱም እኔም ታገልን፣ በጥርስ ጭምር፣ እየሳቅን፤
ከዚያ ሰሌዳዋን በብብቱ ይዞ
«ቢጫው ደብዝዟል» አለ፣ «ለየካቲት ቀለም እገዛለሁ።»