ባር ባር

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣
ጣራው በአንድ ማዕዘን ዝናብ በሚያስገባ
ክፍል ቁጥር ሦስት ተቀጠርኩ ላስተርጉም፤
ሐኪሙ እንግዳ ነው፣ አማርኛ አያውቅም።
እኔም የእነሱን ቃል የማውቀው በደብተር፤
ጂጋ፣ ሰባተኛ ‹‹ሐ››፣ ከመስኮቱ ዳር፣
መምህር ይኸነው በጠመኔ ጽፎ
‹‹ፔይን ህመም ነው፤ ስትራግል ትግል ነው›› ብሎ አልፎ፣
ደወል ተደውሎ፣
ትምህርቱ በዚያው ቀረ፣ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዋስው አስቸገረኝ።
እኛ ‹‹አመመኝ›› ስንል ባለቤቱ ህመም ነው፣
እኔ ተሳቢው ነኝ፣ ጎትቶ የሚወስደው፤
መጥረቢያ ይዞ መጥቶ ራሴን ፈለጠኝ፣
በጦር ጎኔን ወጋኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣
ሌሊቱን ጠዝጥዞ ንጋት ላይ ለቀቀኝ።
እነሱ ግን ‹‹አለኝ›› ነው፣ ‹‹ህመም አለኝ›› የሚሉ፣
ላም አለኝ፣ በግ አለኝ እንደሚል ሰው ሁሉ፤
ያውም በሰማይ ያይደለች፣
ከደጅ የታሰረች፣
ወተቷ የማይነጥፍ፣ ጥጃ ያስከተለች።

ደግሞም ያስቆጥራሉ።
የደምበጫውን አያ ሙጬን፣ ወገባቸው ጎብጦ፣
‹‹ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?›› አልኳቸው፤
ሐኪሙ ብዕሩን መዞ ይጠብቃል ተቀምጦ።
‹‹በምን ልስፈረው ልጄ፣ በቁና ወይ በላዳን?
እህል ነው እንዴ እሱስ? ማን ይይዝልኛል ሚዛን?››
ስምንት ብዬ አስጻፍኩ።
ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም።

አንድ ቀን ሐኪሙ ጓንቱ ጠበበውና፣
አውራ ጣቱን ሲያስገባ ላብ አቸፈቸፈው፤
‹‹ስትራግል ላይ ነኝ›› አለ እየሳቀ።
እኔ ግን ደንግጬ መስኮቱን አየሁት።
እኛ ዘንድ ትግል ሲባል በር ይቀረቀራል፣
ውሻ ይታሰራል፣
በሶ በሌሊት ይቋጠራል።
እነሱ ዘንድ ለጓንትም፣ ለቁልፍም፣ ለእንቅልፍም ይሆናል፤
ቃሉ ግን አንድ ነው ይባላል።

ሐሙስ ዕለት ከቋሪት፣ በአይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣
ወይዘሮ አስረበብ መጡ፣ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው።
‹‹ምንዎን ነው?›› አልኩ።
‹‹ሆዴን›› አሉ፣ ‹‹ባር ባር አለኝ።››
እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣
‹‹ስቶማክ›› አልኩ ለሐኪሙ፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።
ቀዝቃዛ ቅባት ተቀቡ፣ መብራቱ ጠፋ፤
አልትራሳውንዱ ሆዳቸው ላይ ዞረ፣ ዞረ፣
በሬ እንደጠፋበት ሰው።
ጉበት ደህና፣ ኩላሊት ደህና፣ ጨጓራም የሚታይ የለው።
‹‹ኖርማል›› አለ።
‹‹ምን አለ?››
‹‹ደህና ነዎት አለ።››
ቀና አሉ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤
‹‹እንግዲያ ልጄ መጥቷል በለኛ!››

ዝም አልኩ።
‹‹ልየው ተሄደ ወዲህ፣ ታምና ግንቦት ጀምሮ፣
ሆዴ ወና ጎጆ ነው፣ ነፋስ የሚውልበት አድሮ።
በነሱ አፍ ስም አለው?››
‹‹ሳፈር ይሉታል›› አልኩኝ።
‹‹ሰፈር?››
ሳቅ አሉ፣ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።
‹‹አወቁታ! ሰፈረ እንጂ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣
ነገ እሄዳለሁ ሳይል፣ ለፈረሱ ግጦሽ ከልሎ።››

ሐኪሙ ዞሮ ‹‹ምን አሉ?›› አለኝ።
አፌን ከፈትኩት። መልሼ ዘጋሁት።
‹‹ስትራግል ላይ ነኝ›› አልኩት፤
ያን ቃል ያኔ ነው በአገባቡ የተጠቀምኩት።

ጓንቱን አወለቀ፣ ወንበሩን ስቦ ቀረበ፣
ከእኔ በለቀማት፣ በእኛው በአንዲት ቃል
‹‹እህ?›› አላቸው።
‹‹እህህ…›› አሉ ወይዘሮ አስረበብ።
ሲያቃስቱ ይሁን ወይ ሲጀምሩ አልለየሁትም፤
አስተርጉም ያለኝም የለም።

ደጅ ላይ ዘበኛው ሠላሳ አራት ቁጥርን ይጠራል፤
ዝናቡ በማዕዘኑ ይገባል።