እስከ ሠላሳ

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
ኢታይ ይታኮሳል ከማያውቀው ገዳይ።
ድንገት ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ይደርቃል እንደ ጭቃ፤
መሞቱን የሚያየው ሞቶ ሲያበቃ።
"አባ፣ ኢንተርኔቱ!" እኔ የሰረቅሁት ይመስል።
ለኩባንያው ደወልሁ፤ አንዲት ሴት፣ ድምጿ በእንቅልፍ የሚዝል፦
"ራውተሩን ይንቀሉ፤ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ።"
ነቀልሁ። ቁጥሮቹ በአማርኛ መጡ፣ ተደረደሩ፤
ደሞዜን በዕብራይስጥ ነው የምቆጥረው፣
ትዕግሥትን ግን በአባቴ ቋንቋ ነው።

አረንጓዴው በራ። ጨዋታው ያው፣ ይንተባተባል።
"ልጁ የት ነው?" "ማማድ ውስጥ።" "እንግዲያ ግንቡ ነው፤ ማን ያልፈዋል?"

ግንቡንማ እኔን ትጠይቀኝ!
አሽዶድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ወንድሞቹን የሠራሁ፣
ብረት በብረት ላይ ያሰርሁ፣ ሲሚንቶ ያጠጣሁ፤
ሮኬት እንዳያልፍ ያወፈርነው ግድግዳ
ለካ የልጄንም ድምፅ ይመልሳል፣ እንደ ባዳ።

መብሳት ክልክል ነው። በማግስቱ ሃያ ሜትር ገመድ፣
ነጭ፣ በኮሪደሩ ጥግ፣ ከሳሎን እስከ ማማድ፤
በብረቱ በር ደፍ ላይ አሻግሬ ሰካሁለት፤
ጨዋታው እንደ ቧንቧ ውኃ ወረደለት።

ትርንጎ በሩ ጋ ቆማለች፤ ደስታችን አልገባትም።
"ሳይረን ቢጮህስ?" አለች። "ገመድ እያለ አይዘጋም።"
ኢታይ ሳቀ፤ ነቀለ፣ ጎተተ፣ እጀታውን አዞረ።
እኔ ውጭ ቀርቼ ቆጠርሁ፤ ሰባት ላይ ተቀረቀረ።

ሲከፍተው እናቱ ገመዱን አንስታ
መልሳ ደፉ ላይ ዘረጋችው።
"ድገመው" አለችው።