የከፋይ አህያ

ከጦሳ ጫፍ ጉሙ ተንሸራቶ ወርዶ፣
ሸዋበርን ውጦ፣ መንገዱን ጋርዶ፣
በቀን አምፖል በርቶ፣ መነጽር አጥልቄ፣
የሰው ኮት ስፈታ፣
ገባች ጦይባ ይመር ከጠባቧ ሱቄ።

«ጋሽ አራጋው» አለች፣ «አንድ ነገር ነበር፤
ግን እንዳይስቁብኝ፣ ለሰውም እንዳይነገር።»
ፌስታሉን ፈታችው፣ ጋዜጣውን ገልጣ፤
መዳፍ የምታህል አህያ፣ ጀርባዋ መላጣ።

«አባቴን» አለችኝ፣ «በደርግ፣ ለሥልጠና፣
የኮምቦልቻው ፋብሪካ ጀርመን ልኮት ነበርና፣
በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይዟት መጣ።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ! ከጀርመን አህያ?
እዚህ ጠፍቶ ነው ወይ፣ በሰኞ ገበያ?
እሷም አብራኝ ሳቀች፤ «እውነትዎን» አለች፣
«ግን ጅብ ያልደፈራት ይቺ ብቻ ነበረች።»

ከሥር ፕላስቲክ ናት፤ ከላይ ግን ከፋይ፣
እንደ ኮክ ልጣጭ ነው፣ ጠጉሩ የማይታይ፣
ጣት ብቻ የሚያውቀው።
አርባ ዓመት ጭስ ጠጥታ፣ የእጅ ቅባት ለምዳ፣
ቡናማ ሆናለች እንደ ከረመ ቆዳ።
አንዱ ዓይኗ የሸሚዝ ቁልፍ ነው፣ የቤት ሰው የለጠፈላት፤
ይሄስ ዓይን ሆኗል ብዬ እንዳለ ተውሁላት።

ውሃ አይነካትም፤ ሙጫው ይለቃል፤
ሳሙና ያገኘው ጠጉሩ ይወድቃል።
የደረቀ ዳቦ አድቅቄ በተንሁባት፣
በልጅ ጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ ጠረግኋት፤
ዳቦው እየጠቆረ፣ እሷ እየነጣች፣
ከአርባ ዓመት ጭስ ውስጥ ሌላ አህያ ወጣች።
ቡናማ አልነበረች! እንደ ርግብ ክንፍ
አመድማ ናት ለካ፣ ዳር ዳሩ ነጭ አፍ።

መላጣው ጀርባዋ ለብቻው ሥራ ነው።
ከአንድ ሽማግሌ ካባ የተረፈ አመድማ ከፋይ
በምላጭ ፋቅሁና ነጭ ወረቀት ላይ፣
በሻይ ማጥለያ ነፍቼ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ነሰነስሁ፤
የፕላስቲክ ማበጠሪያ ሹራቤ ላይ አሸሁ፤
ከላይ ሳንዣብበው ብናኙ ነቃና
ቀጥ ብሎ ቆመ።
አይ ጥበብ፣ አይ ዝና!
አልሁኝ ለራሴ፣ ሌላ የሚል ስለሌለ።

ግራ ጎኗን ብቻ ጨርሼ ሳለሁ፣
ሐሙስ ልትጠይቅ መጣች። «ያውልሽ» አልሁ።
ተቀበለች። አየች።
«ይቺ የኔ አይደለችም።»

እንዴት አይደለችም? ሆዷ ላይ ቁጥሩ አለ፣
ጅራቷ ላይ ቀይ ክርሽ እንደተንጠለጠለ!

«የኔዋ ቡናማ ናት። አባቴ ማታ
ከፈረቃ ሲገባ፣ ሳይታጠብ ላንዳፍታ፣
ጀርባዋን ያሻሻል፤ 'ዛሬስ ምን በላች?' ይላል፤
ግራሶው ከጣቱ ወደ ጠጉሯ ያልፋል።
እርሱን ነው ያጠቡት።»

መቀሴን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ።
እኔ ከፋይ ስላት፣ ለእሷ ከፈን ኖሯል።

ቀኝ ጎኗ ገና ነው። አዙራ አየችው፤
አውራ ጣቷን ቡናማው ላይ አሳረፈችው፤
ግራውን ደግሞ አየች፣ እንደማያውቁት ዘመድ፤
ቀኙን፣ ግራውን፣ ቀኙን፤ ከጭስ ወደ አመድ።
«ይብቃ» አለች። «እንዲሁ ትሁን።»

ለግማሽ አህያ ግማሽ ዋጋ ብላት፣
ሙሉውን ቆጠረች፤ ከፋይስ እሷ ናት።
ጋዜጣው ውስጥ ስጠቀልላት አሰብሁ፤
መደርደሪያዋ ላይ ወደ ግድግዳ
የትኛው ጎን ይዞር ይሆን? የትኛው ለእንግዳ?
አልጠየቅኋትም።

እሷ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብላ ጠየቀች፤
«ያ ዳቦ፣ ፍርፋሪው፣ የት ሄደ?» አለች።

ደጅ በትኜው ነበር፣ ትናንትና፣ ለድንቢጥ።

አልተቆጣችም። አንገቷን አቅንታ
የመብራቱ ሽቦ ላይ ሁለቱን አየቻቸው፤
አንዷ አፏን በሽቦው ትጠርጋለች።
ጉሙ እስኪወስዳቸው ድረስ እዚያው ቆመች።