ሁለት ጉርሻ

በቪዲን ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በሰው ሒሳብ ነው የምኖረው፤ ቅጽ ስሞላ፣ ደረሰኝ ስለይ።
ከሕንፃችን ሰው ሲሞት ግን
ሒሳቡን ወደ ጎን፤
ፎቶውን፣ ስሙን፣ ዕድሜውን በጥቁር ክፈፍ አስገብቼ
ለመግቢያው በር፣ ለፌርማታው፣ ለዳቦ ቤቱ መስኮት አትሜ እሰጣለሁ።
በነጻ ነው፤ ያገሩ ወግ ነው።
ቀለሙ ስንት እንደሚፈጅ እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ኅዳር ላይ፣ ጭጋጉ ወንዙን ጥሎ ደረጃችንን ሲወጣ
ጋሽ ቪዶልም አብሮት መጣ፤
ባርኔጣው በእጁ።
«ሃያ ቅጂ» አለኝ። «የፔና ነው።» ሌላ ቃል አላወጣ።

ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል።
አንድ ፎቶ መረጥን፤ ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት፣
ግማሽ ሣቅ፣ ግማሽ ቁጣ ፊቷ ላይ የታየበት።

ፕሪንተሩ አጉረመረመ። ሳበ። ሳተ።
ደግሞ ሳበ፤ ደግሞ ሳተ።
ቀይ መብራት አብርቶ «ወረቀት የለም» አለ፣
ወረቀቱ እስካንገቱ ሞልቶ እያለ።

ከሶኬት ነቀልኩት።
የጠገበ አፍ አይጎርስም ብዬ ከትሪው ላይ ግማሹን ቀነስኩት።
የጎን መያዣዎቹንም ነካካሁ፤
ሲጠብቁ ወረቀት ይታፈናል፣
ሲላሉ ተንጋዶ ይገባል፤
(ይሄን ለባለትዳርም እመክራለሁ።)

የኋላ ክዳኑን ከፍቼ፣ በባትሪ አጎንብሼ
የምታጎርሰውን ትንሿን ጎማ አየኋት፤
ብናኝ ጠግባ አብረቅርቃለች፣
ዐሻራው እንደጠፋ አውራ ጣት።
በረጠበ ጨርቅ፣ በጣቴ እያዞርኩ፣ ጥቁሩ እስኪለቅ ጠረግኳት።
ከሥሯም በወረንጦ ጥፍር የምታክል ቁራጭ አወጣሁ፤
«ጠቅላላ ድምር» ይላል፤
ድምሩ ግን የለበትም።

ሰካሁት። ሳበ። ሳተ።

ይሄኔ ጋሽ ቪዶል ተጠጋ።
አንዲቷን ቅጠል ከትሪው መዝዞ
በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አደረጋት፣
ከጆሮው ሥር ይዞ።
ሠላሳ አራት ዓመት በፋብሪካ ትምባሆ ሲመርጥ የኖረ እጅ ነው።
«ይሄ ጠጥቷል» አለ። «ወንዙን ነው የጠጣው።
የሰከረ ቅጠል ብቻውን አይነሳም፤
ጓደኛውን ተደግፎ ነው የሚተኛው።»

እሽጉን ከመስኮቱ ሥር፣ አፉን ከፍቼ፣
ከመስከረም ጀምሮ ነበር የተውኩት።
አፈርኩ።

ቅጠሎቹን ብረቱ ማሞቂያ ላይ ዘርግተን ቁጭ አልን።
ስለ ፔና አልጠየቅኩትም፤
እሱም ስለ ፔና አላወራም።
ስለ ትምባሆ አወራ፤ ቅጠል በምን እንደሚደርቅ፣
ሲቸኩሉበት እንዴት እንደሚሰበር፤
እሷ በሦስተኛው ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብላ፣
ትቀመጥ እንደነበር
አመለጠው።
ከዚያ ወዲያ ዝም።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይተን
እንደ ካርታ ተጫዋች አራገብኳቸው፤
ጫፋቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጌ
ሃያ አምስቷን ብቻ አጎረስኩት።

ሳበ።
ያዘ።
ፔና ወጣች፤ ትኩስ ነበረች።
ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ።
እያንዳንዷን በሁለት እጁ ተቀበላት፣
የሚፋጅ ሳህን እንደሚቀበል ሰው።

ሃያኛዋ ላይ ሁለት ጎረሰ፤
ፔና፣ ከጀርባዋም የተጣበቀ ባዶ ቅጠል፣
አንድ ፊደል ያላረፈበት።
«ይቅርታ» ብዬ ወደ ትሪው ልመልሰው ስል
«ተይው» አለኝ።
ከጀርባዋ ቀስ አድርጎ ላጠው፣
በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።
«ይሄ የኔ ነው። ደርቋል።»

ፕላስተር ተበድሮኝ ወረደ።
ለአርባዋ ሌላ ሃያ ይፈልጋል።
እሽጉን አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ፣
ከአንሶላዎቹ መሃል ነው የማኖረው።