ሠላሳ አንድ ቁጥር

ክንዷን ዘረጋችው፣ እጅጌዋን ሰብስባ፤
መለኪያው ጠበቀ፣ አየሩ ሲገባ።
መቶ አርባ ስምንት። ጻፍኩት።
አርባ ሁለት መከር በዶውሩ ዳገት፣
ዘለላ ስትቆርጥ፣ ስትረግጥ በገንዳ፣
ቀለሙን በጥፍሯ ይዛው ቀረች ዲኦሊንዳ።

አሁን በየማለዳው አንዲት እንክብል ትውጣለች፤
ወይ የወይን ዘር ናት፣ ወይ የበቆሎ ዱቄት ነች።
እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፤
ፖስታው ሊዝበን ታሽጓል፣ ጥናቱ እስኪያልቅ።

"ዙልሚራ፣ የእኔስ እውነተኛው ነው" ትለኛለች፣
"የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ወጣሁት፣
ሳላርፍ፣ ግድግዳ ሳልይዝ!"
ደንቡ ዝም በይ ይላል። ዝም አልኩ።
ቀጣዩን ቀጠሮ ካርዷ ላይ አሰፈርኩ።

በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ፖስታው ተቀደደ።
ወይኑን የዋጠው ሰው ግፊቱ በሦስት መስመር ወረደ፤
ባዶ የዋጠውም በሁለት ወረደ።
ስቡ እንደነበረ፣ ስኳሩም እንደነበረ፤
ያ ሁሉ ፍሬ ተፈጭቶ፣ ፍሬው ይኸው ሆኖ ቀረ።
ሐኪሙም "ሰፋ ያለ ጥናት ያሻል" ብሎ ነገሩን አሳደረ።

ሠላሳ አንድ ቁጥር፦ ባዶ።
ነገርኳት። በመስኮቱ አየች፣ ወደ ወንዙ ማዶ።
"ታዲያ ያን ደረጃ" አለች "ማን ነው የወጣው?"
እኔ መልስ የለኝም፣ መዝገቡም የለው።
ተነሣች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፦
"ከተረፈው ካለ... እስቲ ስጪኝ" አለች።

የተረፈው ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ሕጉ ነው።
ዐሥራ አራት ነበር።
ዐሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩት።